የጎማው ክንድ

ደሙ አልመጣም። የልጅ ልጄ መርፌውን ክንዴ ላይ ሰክታ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ጠበቀች፤ እኔም አብሬያት ጠበቅሁ፤ ስሪንጁ ግን ባዶውን ቀረ። ገና ከማለዳው አንድ ሰዓት አልሞላም። የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ ንጹሕ ፎጣ አንጥፋ፣ ክንዴን በትራስ ደግፋ፣ ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ በቆረጠችው ላስቲክ ከክርኔ በላይ ጥብቅ አድርጋ አስራኛለች። ይህን ስናደርግ ስምንተኛ ቀናችን ነው፤ ቀኝ እጄን አምስት ቀን፣ ግራውን ሦስት ቀን። «አመመሽ እንዴ እማማ?» አለችኝ። «ኧረ ምንም፤ ትንኝ ናት» አልኳትና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። እንባዬ መጥቶ ነበር። በጥጥ ጫን አድርጋ ያዘችልኝ። አንዱ መርፌ የሁለት ዳቦ ዋጋ ነው። ፋርማሲስቱ «ስኳር አለብዎት እንዴ?» ባለኝ ቁጥር «አለብኝ» እያልኩ ነው የገዛሁት፤ በዚህ ዕድሜዬ ውሸት ለመድሁ። ከገዛሁት ውስጥ የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ እሱን መሳቢያ ውስጥ መልሼ አስቀመጥኩት።

እናቷ፣ ማለትም የኔ ልጅ፣ ሻሿን እያሰረች በር ላይ ቆማ ታየን ነበር። ዳቦ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ናት፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ የደረሰ ሠራተኛ የቀን ደሞዙ ይቆረጣል። «ዛሬን እንኳን ቢቀር» አለች። ለኔ ይሁን ለልጅቷ አልለየሁም። ወደ ውጭ አንድ እግሯን ካወጣች በኋላ ዞር ብላ «የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ሻጭ ይፈልጋል። ጋዋን ግን ከራስ ነው ብሏል» አለች። «እሷ ለዳቦ ነው እንዴ የተማረችው?» አልኩ እኔ። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ልጄ ስትናደድ በር አትወረውርም፤ ቀስ ብላ ነው የምትዘጋው።

የልጅ ልጄ በላቦራቶሪ ተመርቃ ቤት ከተቀመጠች አሥራ አራት ወሯ ነው። ማመልከቻ ያላስገባችበት ቦታ የለም፤ ሁሉም «ልምድ» ይሏታል። አሁን አንድ የግል ክሊኒክ አንድ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ፈልጎ፣ ከሠላሳ ምናምን ሰው በጽሑፍ ፈተናው ሁለት አስቀርቷል። አንዷ እሷ ናት። ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ የተግባር ፈተና አለባት። ማስታወቂያው «ተፈታኞች ደም የሚቀዳለት አንድ ፈቃደኛ ሰው ይዛችሁ ቅረቡ» ይላል። እናቷ «ፈቃድ ልጠይቅና እኔ ልሂድላት፤ የኔ ክንድ ይሻላል» ብላ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። እሷ መርፌ ስታይ ትደነግጣለች፣ ልጅቷንም ታስደነግጣታለች ብዬ ነው። እኔ ቢያርዱኝም ድምፄን አላሰማም።

በኮሌጁ ለመለማመጃ የነበራቸው የጎማ ክንድ ነው። ሰባ ለሚሆኑ ተማሪዎች አንድ ክንድ። ከነሱ በፊት የነበሩት፣ ከነዚያም በፊት የነበሩት ወግተው ወግተው ክርኑ መታጠፊያ ላይ ምስር የምታህል ቀዳዳ ተፈጥራለች፤ መርፌውን እዚያ ሲያስጠጉት ራሱ ይገባል፣ ቀይ ቀለም የተቀላቀለበት ውሃ ይመጣል፣ መምህሩ «ጎበዝ» ይልና ቀጣዩን ይጠራል። ይህን የነገረችኝ እየሳቀች ነበር፤ እኔም አብሬ ስቄያለሁ። በሰው ላይ መማር ያለባቸው ለሦስት ወር በሚወጡበት የተግባር ልምምድ ነበር። ያኔ ነው የኔ ጉድ የመጣው። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት የሆስፒታል አንሶላ አጥቤያለሁ። በአንሶላ እጥፋት ውስጥ የተረሳ መርፌ አጠገቤ የምታጥበውን ባልንጀራዬን ሲወጋት አይቻለሁ፤ ከዚያም ስትከሳ፣ ስትገረጣ፣ ወንበሯ ባዶ ሲቀር አይቻለሁ። ልጅቷ የኮሌጁን የልምምድ ደብዳቤ ይዛ «ጤና ጣቢያ ልግባ» ስትለኝ ያ ባዶ ወንበር ነው የታየኝ። እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ አብራኝ የሠራች፣ አሁን እዚያው ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ያለች ወዳጄ ጋ ሄጄ ለመንኳት። ሦስት ወር ሠርታለች፣ ከሁለት መቶ አርባ ሰው ደም ቀድታለች የሚል ወረቀት ማህተም ተመትቶበት አመጣሁ። ልጅቷ አልወደደችውም። «እማማ ይሄ ነገር...» ብላ ጀምራ ዓይኔን አየችና ተወችው። ኮሌጁ ወረቀቱን አንድ ጊዜ መልሶታል። ማህተሙ ደብዝዟል፣ በደንብ ይመታ ብለው ነው።

ክሊኒኩ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ አረፍኩ። ኮሪደሩ ተወልውሎ ያዳልጣል፣ ግድግዳው ላይ የምርመራ ዋጋ በመስታወት ውስጥ ተሰቅሏል፤ ተራውን የደም ምርመራ አየሁት፣ የልጄን የቀን ደሞዝ ይበልጣል። ከኛ ቀድማ ሌላዋ ተፈታኝ ከባሏ ጋር ተቀምጣለች። ከልጅ ልጄ ጋር አብራ የተማረች፣ የአንድ ሕፃን እናት ናት። ባሏ ገበያ ውስጥ ጭነት ተሸካሚ ነው። እጅጌውን ከአሁኑ ሰብስቦታል፤ ክንዱ ላይ ገመድ የመሰለ ደም ስር ተጋድሟል። ዓይኔ እሱ ላይ እንደቀረ አይቶ ሳቀ።

«የርስዎ ካልበቃ ከኔ ይጨምሩበት እናቴ። እኔጋ ሞልቷል።»

«አፍህን ያዝ አንተ ሰውዬ» አለችው ሚስቱ፣ እሷም እየሳቀች። ከዚያ የልጅ ልጄን እጅ ይዛ ወሬ ጀመረች። ልምምዷን የሰባት ወር እርጉዝ ሆና ነው የጨረሰችው። የመጀመሪያውን ወር ብልቃጥ ብቻ ነው ያሳጠቧት፤ በሁለተኛው ወር አንድ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ስትስታቸው «ሂጂና ቂጣ ውጊ» ብለው ሰድበዋት ሽንት ቤት ገብታ አልቅሳለች። «ከዚያ በኋላ ግን እጄ አወቀው፤ እንዴት እንዳወቀው አልነግርሽም» አለች። የት ጤና ጣቢያ እንደነበረች ጠየቅኋት። ነገረችኝ። የወዳጄ ጤና ጣቢያ ነው፣ በዚያው ሦስት ወር። የልጅ ልጄ መሬት መሬት ታያለች። ሴትየዋ አንዴ እሷን አየች፣ አንዴ እኔን አየች፣ ከዚያ «ዛሬ ግን ይሞቃል አይደል?» ብላ ወሬ ለወጠች። አወቀችብን። አውቃም ዝም አለችልን።

የላቦራቶሪው በር ገርበብ ብሎ ነበር። ውስጥ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ያወራሉ።

«ሁለቱም ከዚያ ኮሌጅ ናቸው?»

«ሁለቱም። የዚያ ኮሌጅ ልጆች እኮ ያስታውቃሉ። የፈለግኸውን ሰው ክንድ ስጣቸው፣ አንድ ቦታ ነው የሚወጉት። ሌላ ቦታ ደም ያለ አይመስላቸውም።»

ወንዱ ሳቀ። እኔ የልጅ ልጄን ፊት ማየት ፈራሁ። ስምንት ቀን ሙሉ ክንዴ የበለዘበትን አስታወስኩ፤ ቀኙም ግራውም ያው ክርን መታጠፊያ፣ ያው መሃሉ፣ ምስር የምታህል ቦታ። ልንገራት ወይስ ዝም ልበል ስል፣ አሁን ብነግራት ይብስ ትደነግጣለች ብዬ ተውኩት። እኔ ሁልጊዜ የምተወው እንዲህ ነው።

ባልና ሚስቱ ገብተው አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ወጡ። ሰውየው ክንዱ ላይ ጥጥ ይዟል፤ «አልተሰማኝም፤ ከቤት ይልቅ እዚህ ነው የምታዝንልኝ» አለ። ከዚያ እኛ ተጠራን። የላቦራቶሪዋ ኃላፊ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ፀጉሯ ገባ ገባ ብሎ የሸበተ ሴት ናት። ክፉ አይደለችም። ወንበሩን ራሷ አስተካክላ አስቀመጠችኝ። የልጅ ልጄ እጇን ታጠበች፣ ጓንት አጠለቀች፣ ላስቲኩን አሰረች፣ አልኮሉን ከመሃል ወደ ዳር እያዞረች ቀባች። ሁሉን አሳምራ ነው የሠራችው፤ ኃላፊዋ ወረቀቷ ላይ ምልክት ምልክት ታደርጋለች። መርፌው ገባ። አልመጣም። «ሁለት ጊዜ ይፈቀዳል፤ ተረጋጊ» አለች ኃላፊዋ። «እዚያው ቦታ አትሂጂ። ደም ስር በዓይን አይፈለግም፣ በጣት ነው። ጣትሽን አሳርፊና ቀስ ብለሽ ፈልጊ።» ልጅቷ ጣቷን አሳረፈች፤ ጣቷ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር፣ የኔም ክንድ አብሮት። ሌላኛው እጄ ይሻል እንደሆነ ብላ ኃላፊዋ የቀኝ እጅጌዬን ሰበሰበችው። የግራው ብልዝ ጥቂት ነበር፤ የቀኙን ስታይ ቆመች።

«እናቴ፣ ይሄን ማነው ያደረገብዎት?»

«ሐኪም ቤት ተኝቼ ነበር» አልኩ። አፌ ላይ ዝግጁ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች የልጅ ልጄ። «ቤት ስለማመድባት ነበር።»

ኃላፊዋ መነጽሯን አጥልቃ ፋይሉን ከፈተች። ገጹን ገልጣ ገልጣ የጤና ጣቢያውን ወረቀት አገኘች፣ ማህተሙ በደንብ የተመታበትን። «ከሁለት መቶ አርባ ሰው ደም ቀድተሻል ይላል» አለች፣ ሳትቆጣ። «ከሁለት መቶ አርባ ሰው የቀዳ ሰው አያቱ ላይ ምን ሊማር ይመጣል?» ልጅቷ መርፌውን በሁለት እጇ እንደያዘች ቆማለች። ዝም ብትል ውሸታም ልትባልብኝ ነው። እኔ ደግሞ የልጅ ልጄ ዓይኔ እያየ ውሸታም ስትባል እንዴት ዝም ልበል? «እሷ ምንም አላጠፋችም። ልሂድ ብላኝ ነበር፤ ፈርቼ የከለከልኳት እኔ ነኝ። ማህተሙንም ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ በለቅሶ፣ በልመና» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ያዳንኳት መስሎኝ ነበር። ኃላፊዋ መነጽሯን አወለቀችና ዓይኗን በመዳፏ አሸት አደረገች።

«ባይነግሩኝ ይሻል ነበር እናቴ። አለማወቅ ቢሆን ሌላ ጊዜ ሞክሪ ብዬ እሸኛታለሁ። አሁን ግን ሰማሁ። ይህን ወረቀት ልመልስላት አልችልም፤ ለኮሌጁም መጻፍ አለብኝ። ነገ በዚህ ወረቀት ሌላ ቦታ ብትገባና አንድ በሽተኛ ላይ ብትሳሳት እኔ ነኝ የምጠየቀው።»

ጥጥ ሰጠችኝ። እጄን እስከ በሩ ድረስ ይዛ ሸኘችኝ። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

ደረጃውን ወረድን። እኔ ነኝ ወደ ኮሌጁ እንሂድ ያልኩት፤ ደብዳቤው ሳይደርስ ቀድመን ብንለምናቸው፣ አሁንም ቢሆን ልምምዱን ቢያስገቧት ብዬ። ሁለት ታክሲ ቀይረን ስምንት ሰዓት አካባቢ ደረስን። በሩ ላይ ትልቅ ሸራ ተወጥሯል፤ «ለሥራ የተዘጋጀ ትውልድ እናፈራለን» ይላል፤ ከሥሩ ነጭ ጋዋን የለበሱ ተማሪዎች ፎቶ አለ። አንዷ የኔው ናት። ያን የጎማ ክንድ ደግፋ፣ መርፌ ይዛ፣ ፈገግ ብላለች። ተነሥታው እንደነበር አልነገረችኝም። አንገቷን ደፍታ በሥሩ አለፈች።

መምህሯን አገኘነው። ቢሮው ጠባብ ነው፤ ወንበር አንድ ስለሆነ ለኔ ለቆልኝ እሱ ቆመ። ነገሩን ነገርኩት። «ለምን ተናገሩ እናቴ?» አለኝ። «ግማሹ ተማሪ ወረቀቱን እንዲህ ነው ያመጣው።»

«ግማሹ?»

«ከግማሽም በላይ። እየዞርኩ ማየት ነበረብኝ፤ ሰባ ተማሪ፣ አሥራ ዘጠኝ ቦታ፣ እኔ አንድ ሰው። መኪና ጠየቅሁ፣ የለም ተባልኩ። ሆስፒታሎቹም ሞልቶብናል ይላሉ። ያለን አማራጭ ቦታ ፈልጉ ብለን ደብዳቤ መስጠት ነው፤ ሰጠን።»

«ወረቀት ሰጥቶ ሂጂ ማለት መውሰድ ነው እንዴ ልጄ?» አልኩት። «አንድ ሰው እጇን ይዞ አድርሷት፣ እኔንም ጠርቶ ጓንት አለ፣ እንዲህ እንዲህ እንጠነቀቃለን ብሎኝ ቢሆን እኮ እኔን ማን ይሰማኝ ነበር? እኔ የማውቀው አንሶላ ውስጥ የተደበቀውን መርፌ ነው። ሌላውን ማን ነገረኝ?» ጥፋቱን በሙሉ እሱ ላይ መጣል አማረኝ፤ አልሆነልኝም፣ የጫማው ሶል በሽቦ ታስሮ አይቻለሁ። ልጅቷ ያኔ ነው ከፈተናው ወዲህ የጠየቀችውን አንዲቷን ነገር የጠየቀችው፤ ኮሌጁ ላቦራቶሪ ውስጥ ከአዲሶቹ ተማሪዎች ጋር ገብታ መለማመድ ትችል እንደሆነ። «የተመረቀ አይገባም፤ ሕጉ ነው» አላት፣ ዓይኗን ሳያይ። «ደብዳቤው ከመጣ ደግሞ ኮሚቴ ያየዋል። ዲፕሎማሽን ሊያግዱት ይችላሉ። አያግዱትም ይሆናል። እኔ እናገርልሻለሁ።» ቁም ሣጥኑ አናት ላይ የጎማው ክንድ ተጋድሟል። ስነሣ ነካሁት። ቀዳዳዋን በፕላስተር ለጥፈውባታል፣ ፕላስተሩም ተቀድዷል። ያው ቦታ ነው። ክንዴ ላይ ያለውን ቦታ በእጅጌዬ ጨርቅ ላይ ዳበስኩትና እጄን ሰበሰብኩ።

ቤት ስንደርስ ፀሐይ ገና ከግድግዳው ላይ አልወረደችም። ጠረጴዛው ላይ የማለዳው ፎጣ እንደተነጠፈ ነው። እናቷ የተረፈ ዳቦ በላስቲክ ይዛ ገባች። «እሺ?» አለች። የኔን ፊት አየች፣ የልጅቷን አየች፣ ዳቦውን አስቀመጠች። «እኔ ልሂድላት ብዬ ነበር» እንድትል ጠበቅኋት፤ ብትለኝ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። አላለችም። ቢላ አምጥታ ዳቦውን መቁረጥ ጀመረች፤ ከሚበላው በላይ ቆረጠች፣ መቁረጧን አላቆመችም።

የልጅ ልጄ ውሃ አሙቃ፣ ፎጣውን ነክራና ጨምቃ መጣች። አጠገቤ ተቀምጣ እጅጌዬን ወደ ላይ ሰብስባ የበለዘውን ትተኩስልኝ ጀመር። ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነው። ቆይታ ፎጣውን አነሣችና ጣቷን አሳረፈች፤ አሁን አይንቀጠቀጥም። ጣቷ ቀስ እያለ ከመታጠፊያው ወደ ጎን ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ፣ ቆመ። ጫን አድርጋ ለቀቀችው።

«እዚህ ናት» አለች።

«ማን?»

«ደም ስርሽ። ሁልጊዜም እዚህ ነበረች።»

«አንድ መርፌ ተርፎናል እኮ፣ መሳቢያው ውስጥ ነው፣ አምጪው» አልኳት፤ ክንዴንም ወደሷ ዘረጋሁ። ትንሽ ጊዜ ጣቷን እዚያው አቆየችው። ከዚያ እጅጌዬን ወደ ታች ሳበችና የእጄ አንጓ ላይ ቁልፉን ቆለፈችልኝ፣ ለሕፃን እንደሚቆለፍ። ተነሥታ ከምስማሩ ላይ ነጩን ጋዋኗን አወረደች። የኮሌጁ ስም የተሰፋበትን የደረት ኪስ በጥፍሯ ትነካካ ጀመር፤ ክሩ ከየት እንደሚፈታ ትፈልጋለች።

«እማ፣ የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ሻጭ አገኘ?»

እናቷ ቢላዋን አስቀመጠች። «አላገኘም» አለች።

የልጅቷ ጣት ያረፈባትን ቦታ በጨርቁ ላይ በሌላው እጄ ጣት ይዤ ተቀመጥኩ፣ እንዳትጠፋብኝ።